ሞዴል 19 ላይ «ስዊች፣ ብዛት 1» ይላል

ሰኔ ሲገባ ቆጠራ ምን እንደሚመስል መስሪያ ቤት ለምትሰሩ ሰዎች ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ከዛ በፊት የንብረት ክፍል ሰዎች ዝርዝራቸውን ይዘው ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ፣ ወንበሩ ይቆጠራል፣ ጠረጴዛው ይቆጠራል፣ ኮምፒውተሩ ይቆጠራል፣ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ሰርቨር ሩም ይደርሳሉ። ራኩ፣ እቃዎቹ የተደረደሩበት ቁም ሳጥን፣ ይከፈታል፣ «ይሄስ?» ይላሉ፣ «ስዊች ነው» እንላለን፣ ኮምፒውተሮቹን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን ማለት ነው፣ ታጉ ይታያል፣ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ አለቀ። ገቢ ሲሆን በሞዴል 19 «ስዊች፣ ብዛት 1» ተብሎ ነው የገባው፣ ወጪ ሲሆንም በሞዴል 22 «ስዊች፣ ብዛት 1»፣ ቆጠራው ላይም ያው ብዛት 1።

የንብረት ክፍል ሰዎች ስራቸውን በትክክል ነው የሚሰሩት፣ ሳጥኑ መኖሩን ማረጋገጥ አለባቸው አረጋገጡ። ግን ሳጥኑ ላይ እኮ 48 ፖርት፣ ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ፣ አለ። አንዱ የፋይናንስ ፕሪንተር ነው፣ አንዱ መግቢያ በር ላይ ያለው ካሜራ ነው፣ አንዱ ወደ ላይኛው ፎቅ ስዊች የሚሄድ አፕሊንክ ነው እሱ ከተነቀለ ፎቁ በሙሉ ይጨልማል፣ አንዱ ደሞ ከተከራየን ጀምሮ ማንም ያልነካው ባዶ ነው። ይሄን ሁሉ «ብዛት 1» ብሎ ማለፍ የኮንዶሚኒየም ብሎክን «ቤት፣ ብዛት 1» ብሎ እንደመመዝገብ ነው፣ የትኛው በር ውስጥ ማን እንዳለ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ቆጣሪ የማን እንደሆነ ምንም አይነግራችሁም።

ስለነዚህ ፖርቶች ነው ዛሬ መጻፍ የፈለኩት። ኢንቬንተሪ ሶፍትዌር፣ ማለትም ንብረት የሚመዘገብበት ፕሮግራም፣ ውስጥ ፖርት እንዴት ይያዝ፣ ማን ይጻፈው፣ ማሽኑ የሚለውና ሰው የጻፈው ሲለያይ ማን ይታመን። አይቲ ላልሆነ ሰው ደረቅ ርዕስ ሊመስል ይችላል፣ ለኔ ግን ከስራዬ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ንጹህ የሆነ መስሪያ ቤት ሌላው ነገር ሁሉ ቀላል ሲሆንለት በአይኔ አይቻለሁ።

ቢሮአችን ከብሔራዊ ቲያትር ወደ ለገሃር ሲወረድ ካሉት የድሮ ህንጻዎች አንዱ ላይ ነው። የድሮ ህንጻ ማለት ግድግዳው ወፍራም ነው ማለት ነው፣ ዋይፋይ ከክፍል ወደ ክፍል በደንብ አያልፍም፣ ስለዚህ ኬብል ላይ እንኖራለን። ኬብሉ ደሞ በአንድ ሰው በአንድ ግዜ የተዘረጋ አይደለም። ከኛ በፊት የነበረው ተከራይ የዘረጋው አለ፣ እኛ ስንገባ የተጨመረ አለ፣ ከዛ በ2016 የፒያሳው የኮሪደር ልማት ሲመጣ እዛ የነበረው ቅርንጫፋችን ቦታውን ለቆ ወደኛ ሲጠቃለል በጥድፊያ የተጎተተ አለ። ያኔ ያለው አጣዳፊ ነገር ሰው ተቀምጦ ስራ እንዲጀምር ማድረግ ነበር፣ ወረቀት የያዘ ሰው አልነበረም፣ ይሄ ደሞ መሀል ከተማ ላይ ያለ ስንቱ መስሪያ ቤት ያሳለፈው ነገር ነው፣ ካዛንቺስም በ2017 ሲነሳ የማውቃቸው ልጆች ያንኑ ነው ያሳለፉት፣ ራክ በፒካፕ ተጭኖ ፓች ኮርዱ፣ አጭሩ ማገናኛ ኬብል፣ እንደተሰካ እየተንጠለጠለ ሲሄድ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ፖርት ስሙ ማን ይባል የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው የሰው ስም ወይ የክፍል ስም ነው፣ «የአቶ እከሌ ኮምፒውተር»፣ «ፕላንና ፕሮግራም»፣ እንደዚህ። ይሄ ለጥቂት ወር ይሰራል። ከዛ አዲስ መዋቅር ይወጣል፣ ሁሌም ይወጣል፣ ፕላንና ፕሮግራም ከሌላ ክፍል ጋር ይቀላቀልና ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ አቶ እከሌ ወደ ሶስተኛ ፎቅ ይሄዳሉ፣ ወንበራቸው ላይ አዲስ ልጅ ትቀመጣለች፣ ፖርቱ ግን አሁንም የአቶ እከሌ ነው። ከአንድ ሁለት ሽግሽግ በኋላ ዝርዝሩ ከማሳወቅ ይልቅ ማሳሳት ይጀምራል። ባዶ መዝገብ ቢያንስ «ሂድና ራስህ እይ» ይልሃል፣ የተሳሳተው ግን በልበ ሙሉነት የማይመለከተውን ኬብል ያስነቅልሃል።

የማይንቀሳቀሰው ነገር ግድግዳው ነው። ስለዚህ ፖርት መታሰር ያለበት ከሰው ጋር ሳይሆን ግድግዳ ላይ ካለው አውትሌት፣ ከኔትዎርክ መሰኪያው፣ ጋር ነው፣ አውትሌቱ ከክፍል ቁጥር ጋር፣ ክፍሉ ከፎቅ ጋር። ሰውየውና ኮምፒውተሩ በሌላ በኩል ይመዘገባሉ፣ ይመጣሉ ይሄዳሉ። እኛ ጋ የያዝነው አጻጻፍ ፎቅ፣ ፓች ፓነል (ከግድግዳዎቹ የሚመጡት ኬብሎች ራክ ውስጥ የሚያርፉበት ሰሌዳ)፣ የፓነሉ ቀዳዳ ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ ሶስተኛ ፎቅ ፓነል ኤ 17ኛ ቀዳዳ። ያው ቁጥር ግድግዳው ላይም ፓነሉ ላይም ይለጠፋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ፣ የፎቅ አቆጣጠር። ጂ ፕላስ 4 ህንጻ ላይ «ሁለተኛ ፎቅ» ስትል አንዱ ግራውንዱን አንደኛ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው ግራውንድን ዜሮ ብሎ ይጀምራል፣ የሊፍቱ ቁልፍ ደሞ ሌላ ይላል። ለዚህ ግራውንድን 00 ብለን ጻፍን፣ ደረጃው ላይም አስለጠፍን፣ ከዛ ወዲህ «ሁለተኛ ፎቅ ኔትዎርክ የለም» ተብሎ ሶስተኛ ፎቅ የሚወጣ ቴክኒሻን የለም።

ስዊቹ ራሱ ላይ ፖርቱ መግለጫ ይጻፍበታል፣ ዲስክሪፕሽን የምንለው። እሱን በኤስኤንኤምፒ፣ የኔትዎርክ እቃን ከርቀት መረጃ በሚጠየቅበት ፕሮቶኮል፣ ስታነቡት ኢፍኤሊያስ በሚባል ቦታ ነው የሚመጣው፣ ስታንዳርዱ እስከ 64 ፊደል ይፈቅዳል፣ የላቲን ፊደል ብቻ። ስለዚህ እዛ ላይ አጭር ኮዷን ብቻ ጻፉ፣ ሌላ ምንም። ረጅሙን ነገር ኢንቬንተሪው ላይ በአማርኛ ጻፉት፣ ጂኤልፒአይም ኔትቦክስም የሚባሉት የኢንቬንተሪ ሶፍትዌሮች የአማርኛ ጽሁፍ ያለ ችግር ይቀበላሉ። በአማርኛ መጻፉን የምወደው ለውበት አይደለም፣ «መስኮቱ ስር፣ ከፋይል ሼልፉ ጀርባ፣ ሼልፉ ካልተነሳ አይታይም» የሚለውን ማታ ተረኛ የሆነው ልጅም የጥገና ሰራተኛውም እኩል አንብበው ስለሚረዱት ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ጂኤልፒአይ ከ2003 ጀምሮ (የሶፍትዌርና የስታንዳርድ ዓመቶችን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ያለ ፈረንሳይ የተወለደ ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ እኛ ሀገር ብዙ መስሪያ ቤት ውስጥ የሚታወቀው ለቲኬትና ለኮምፒውተር ቆጠራ ነው፣ በ2022 የወጣው 10ኛው ቨርዥን ላይ ኢንቬንተሪ የመሰብሰቡን ነገር ከራሱ ጋር አዋህዶታል። ኔትቦክስ ደሞ ዲጂታል ኦሽን ውስጥ ተሰርቶ በ2016 ለሁሉም የተለቀቀ ነው፣ እሱ ከመጀመሪያው የተሰራው ለኔትዎርክ ሰው ነው። ልዩነታቸው የሚገባችሁ ስዊች ስትመዘግቡ ነው። ኔትቦክስ ላይ የስዊቹን ሞዴል አንዴ ካስገባችሁት ከዛ በኋላ ያን ሞዴል በመዘገባችሁ ቁጥር 48ቱም ፖርት አብሮ ይፈጠራል፣ ፓች ፓነሉም ፊትና ኋላ ያለው ራሱን የቻለ እቃ ሆኖ ይገባል፣ ከዛ አንድ ፖርት ነክታችሁ ኬብሉ የት የት እንደሚያልፍ እስከ ግድግዳው ድረስ መከተል ትችላላችሁ። ጂኤልፒአይ ላይ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ሞኒተሩ፣ የተጠቃሚው ስም፣ ቲኬቱ፣ ኮንትራቱ ሁሉ አንድ ላይ ስላለ ፖርቱን ከሰው ችግር ጋር ማገናኘት ቀላል ነው። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንድ ህንጻ የምትጠብቁ ከሆነ የለመዳችሁትን ያዙ ነው የምለው፣ ጉዳዩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ጉዳዩ ያለው ማሽኑ ራሱ የሚሰበስበው መረጃ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የትኛው ኮምፒውተር የትኛው ፖርት ላይ እንዳለ የሚያውቀው ስዊቹን በኤስኤንኤምፒ እየጠየቀ ነው፣ ከ1988 ጀምሮ ያለ ፕሮቶኮል። ስዊቹ የማክ አድሬስ፣ እያንዳንዱ የኔትዎርክ መሳሪያ የሚለይበት ቁጥር፣ ሰንጠረዥ አለው፣ በየትኛው ፖርት በኩል የትኛውን ማክ እንዳየ የሚይዝበት፣ ሶፍትዌሩ ያን ሰንጠረዥ ያነባል፣ ማኩን ከተመዘገቡት ኮምፒውተሮች ጋር ያመሳክራል፣ «ይሄ ላፕቶፕ ፖርት 17 ላይ ነው» ይላል። ሲሰራ ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን ያ ሰንጠረዥ አጭር ትውስታ ነው ያለው፣ ብዙ ስዊቾች ላይ ምንም ካልተላከ በ300 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስካን ካደረጋችሁ ግማሹ ህንጻ ባዶ ነው የሚመስለው፣ ኮምፒውተሩ ተኝቷል ባለቤቱ ሽሮ እየበላ ነው፣ ፖርቱ ግን ባዶ አይደለም።

ሌላም አለ። አፕሊንክ ፖርት ላይ የላይኛው ፎቅ ማክ ሁሉ ይታያል፣ ስለዚህ ያልተዋቀረ ሶፍትዌር ስልሳ ኮምፒውተር አንድ ፖርት ላይ ተሰክቷል ብሎ ይመዘግባል። አይፒ ስልክ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩ በስልኩ በኩል ስለሚያልፍ አንድ ፖርት ላይ ሁለት ማክ ይታያል፣ ይሄ ትክክል ነው። አክሰስ ፖይንት፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨው፣ የተሰካበት ፖርት ላይ ደሞ የሰራተኛው ሞባይል ሁሉ ይታያል፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች የራሳቸውን ማክ ደብቀው የተፈጠረ ማክ ስለሚያሳዩ እነሱን ንብረት ብሎ መመዝገብ ጀመራችሁ ማለት መዝገቡ በማይታወቁ እቃዎች ተጥለቀለቀ ማለት ነው። በቅርብ ለሚጀምር ሰው የምነግረው የመጀመሪያ ነገር አፕሊንኮቹንና የአክሰስ ፖይንቶቹን ፖርት ለይታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከነሱ ላይ ማክ አይሰብሰብ የሚል ነው።

ከጠረጴዛ ስር ያለችው ትንሿ ስዊችስ? እሷን የማያውቅ የለም። አንድ ክፍል ውስጥ አውትሌት ሁለት ነው፣ ሰው አምስት ሆነ፣ አንድ ሰው ባለ ስምንት ፖርት ትንሽ ስዊች ገዝቶ ጠረጴዛ ስር ይሰካታል። ስሟ የለም፣ አይፒ የላትም፣ ኤስኤንኤምፒ አትመልስም። ትልልቆቹ ስዊቾች በኤልኤልዲፒ ይተዋወቃሉ፣ ከ2005 ጀምሮ ያለ ስታንዳርድ ነው፣ በየ30 ሰከንዱ «እኔ እገሌ ነኝ፣ በዚህ ፖርቴ በኩል ነው የማናግርህ» ይባባላሉ፣ ስለዚህ በስዊችና በስዊች መሀል ያለውን ኬብል ከሰው ይልቅ ኤልኤልዲፒን አምናለሁ። ትንሿ ግን ዝም ትላለች። የምትታወቀው በዳር ነው፣ ለአንድ ጠረጴዛ የተሰጠ ፖርት ላይ አራት አምስት ማክ ሲታይ። እኔ እንደዛ ያለ ፖርት ሳገኝ ሮጬ አልነቅልም፣ ሄጄ አያለሁ፣ ብዙ ግዜ እዛ ያሉት ሰዎች ለስራቸው ብለው ከኪሳቸው አውጥተው ነው የገዟት፣ ችግሩ ያለው አውትሌት ያልጨመርንላቸው እኛ ጋ ነው። ተመዝግባ ትቆያለች፣ አውትሌት ሲጨመር ትነሳለች።

መብራት ነገር ደሞ አለ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ይይዛል፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ካልበቃ ስዊቹ ይጠፋል፣ ከዛ ይነሳል። ሲነሳ ምን ይሆናል? ኤስኤንኤምፒ እያንዳንዱን ፖርት የሚጠራው ኢፍኢንዴክስ በሚባል ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር ደሞ በስታንዳርዱ መሰረት ስዊቹ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው ላይቀየር የሚገደደው። አንዳንድ ስዊች ጠፍቶ ሲነሳ፣ በተለይ ሞጁል ተጨምሮበት ወይ ተነስቶለት ከሆነ፣ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ያድላል። ኢንቬንተሪው ፖርቶቹን በዛ ቁጥር የሚያውቃቸው ከሆነ ጠዋት ስትገቡ የካሜራው ፖርት የፕሪንተሩ ሆኖ፣ ታሪኩ ሁሉ ተዘዋውሮ ታገኙታላችሁ። ያየሁት ነገር ነው፣ ሌላ ቦታ ያሉ ጓደኞቼ ጋ። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ስዊቹ ላይ ቁጥሩ እንዲጸና የሚያደርግ ትእዛዝ ካለ ማስገባት፣ ሶፍትዌሩ ላይ ደሞ ፖርት የሚለየው በስሙ፣ ሳጥኑ ላይ በታተመው ስም፣ እንዲሆን ማድረግ። አውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ላይ ይሄ አንድ መስመር ነው፣ እኛ ጋ ግን በክረምት መብራት እንደሚመላለሰው ሲመላለስ አንደኛ ደረጃ ጉዳይ ነው።

በዛው መብራት ሲጠፋ አንድ ሌላ መረጃም ይጠፋል። ፖርቱ ለመጨረሻ ግዜ መች ተነሳ ወይ ወደቀ የሚለውን ስዊቹ የሚቆጥረው ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ከመብራት በኋላ ሁሉም ፖርት የዛሬ ይመስላል። ሁለት አመት ባዶ የነበረውም የዛሬ፣ ትላንት የተሰካውም የዛሬ። ባዶ ፖርት ለማወቅ የስዊቹን ትውስታ ከመጠየቅ ኢንቬንተሪው ራሱ «እዚህ ፖርት ላይ ለመጨረሻ ግዜ ማክ የታየው በዚህ ቀን ነው» ብሎ እንዲይዝ ማድረግ ይሻላል፣ ያ መረጃ ዲስክ ላይ ነው፣ መብራት አይወስደውም።

ሰዓቱንም አስተካክሉ ባካችሁ። የውጪ ሰዓት ያላገኘ ስዊች ሲነሳ የቆየ ቀን ነው የሚይዘው፣ ብዙ የሲስኮ ስዊቾች ማርች 1 ቀን 1993 ብለው ነው የሚጀምሩት። ከዛ ሎጉ፣ ምን መች እንደሆነ ስዊቹ የሚይዘው መዝገብ፣ ምንም አይጠቅምም። ሰዓቱ ትክክል ከሆነም በኋላ ሎጉ 02:15 ሲል ጥበቃው «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ካሜራው ጠፋ» ይላል፣ አንድ ነገር ነው፣ ግን ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚህ የሚከፋው የግዢ ቀን ነው። ሞዴል 19 ላይ ጥር 2016 ተብሎ የተጻፈ ስዊች አለ፣ አንድ ሰው ቀኑን እንዳለ ሶፍትዌሩ ላይ ይገለብጠዋል፣ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስዊቹ በአንድ ሌሊት ስምንት አመት ያረጃል፣ ዋራንቲው አልፏል፣ የእርጅና ተቀናሹ አልቋል፣ ይወገድ ይላል ሪፖርቱ። እኛ ጋ ሁለት ቦታ ነው የምንጽፈው፣ በሶፍትዌሩ ቀን ላይ የፈረንጁን፣ ማስታወሻው ላይ ሞዴል 19 ላይ ያለውን በኛ አቆጣጠር ከነ ደረሰኝ ቁጥሩ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ይሄን ስናሳያቸው «ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ የኔም ወረቀት ከናንተ ማሽን ጋር ይታረቃል» አሉኝ፣ ከዛን ግዜ ጀምሮ ቆጠራ ሲመጣ እሳቸውም እኛም አንድ ስክሪን ላይ ነው የምንቀመጠው።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። ማሽኑ የሚሰበስበው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን የአሁኑ ደቂቃ እውነት ነው። ሰው የሚጽፈው ደሞ መሆን ያለበት ነው። ብዙ ቦታ የማየው እነዚህ ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ነው፣ ስካኑ በየሌሊቱ ይሮጣል፣ ሰው የጻፈውን ይደመስሳል፣ ጠዋት ላይ መዝገቡ ትላንት የሆነውን ብቻ ያሳያል። እንዲህ ያለ መዝገብ ስህተትን አይቶ አያውቅም፣ ስህተቱ ራሱ መዝገብ ሆኗል። አንድ ሰው ሄዶ የፋይናንሱን ኬብል ለእንግዶች በተለየው ኔትዎርክ፣ ቪላን (VLAN) በምንለው፣ ፖርት ላይ ቢሰካው ሌሊት ስካኑ «አዎ ፋይናንስ እዛ ነው ያለው» ብሎ ይጽፈዋል። ኔትቦክስን የሰሩት ሰዎች ይሄን ከመጀመሪያው አስበውበታል፣ መመሪያቸው ላይ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ኔትዎርኩ እንዲሆን የተፈለገውን እንደሆነና ከሚሰራው ኔትዎርክ ላይ በራስ ሰር እንዳይገለበጥበት ይመክራሉ። ጂኤልፒአይም በሌላ መንገድ እዛው ደርሷል፣ ሰው በእጁ ያስተካከለውን መረጃ ይቆልፈዋል፣ ስካኑ ሲመጣ አይነካውም።

እኔ የምለው ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ስካኑ ይሩጥ፣ በየሌሊቱ ይሩጥ፣ ግን ይጠይቅ እንጂ አይጻፍ። ሁለት አምድ ይኑር፣ አንዱ «መሆን ያለበት»፣ አንዱ «የታየው»። ጠዋት ቡና ሳይፈላ በፊት የምናየው ሁለቱ የተለያዩበትን ብቻ ነው። አብዛኛው ቀን አጭር ዝርዝር ነው፣ ላፕቶፕ ቦታ ቀይሯል፣ ፕሪንተር ለጥገና ወጥቷል። አንዳንዴ ግን ማንም ያልጠየቀው ማክ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይታያል፣ ለዛ ነው ያልተሰጠ ፖርት ሁሉ ተዘግቶ መቆየት ያለበት የምለውም፣ ክፍት የሆነ ባዶ ፖርት መንገደኛ ሰው ላፕቶፑን ሰክቶ ውስጥ የሚገባበት ነው። «የታየው»ን ወደ «መሆን ያለበት» የሚያሻግረው ደሞ ሰው ብቻ ነው፣ ከነ ስሙ፣ ከነ ምክንያቱ፣ እና ያ ሰው ኬብሉን በእጁ የነካው ቴክኒሻን ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ። ኃላፊው ሳምንት ቆይቶ ከወሬ የሚጽፈው ሳይሆን፣ መሰላሉ ላይ ያለው ልጅ በስልኩ እዛው የሚጽፈው።

ይሄን ለማለማመድ ግዜ ይወስዳል፣ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ለቁጥጥር የመጣ መስሏቸው ነበር። የቀየራቸው ጥቅሙ ነው። ቅዳሜ ማታ ተደውሎ «ካሜራው ጠፍቷል» ሲባል ድሮ ታክሲ ይዞ መምጣት ነበር፣ ራክ ከፍቶ ኬብል እየሳቡ በባትሪ መፈለግ። አሁን ከቤቱ ሆኖ ፖርቱን ያያል፣ በኬብሉ ወደ ካሜራው የሚሄደውን ፓወር አጥፍቶ ያበራል፣ ካሜራው ይነሳል። ፖርቱ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆንክ ይሄን አታደርገውም፣ የሌላ ሰው መሳሪያ ልታጠፋ ትችላለህ።

ፓወር ካነሳሁ አይቀር የፒኦኢ ባጀትም፣ ስዊቹ በኔትዎርክ ኬብሎቹ በኩል በጠቅላላ ሊሰጥ የሚችለው ፓወር፣ እዛው መዝገብ ላይ ይግባ። በ2003 የወጣው ስታንዳርድ ለአንድ ፖርት 15.4 ዋት ነው፣ የ2009ኙ 30 ዋት። 370 ዋት ያለው ባለ 24 ፖርት ስዊች በመጀመሪያው ሂሳብ 24ቱንም ይሸከማል፣ በሁለተኛው ግን 12 ብቻ ነው። ካሜራ ጨምሩ ሲባል ባዶ ፖርት መኖሩ አይበቃም፣ ዋቱስ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ገንዘቡ ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ኃላፊዎች ይሄን ስራ ማክበር የጀመሩት በዛ በኩል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዛ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስዊች የውጪ እቃ ነው፣ ዋጋው አብሮ ሄደ። እና በዛው ሰሞን ነው ከፒያሳ የመጡትን ሰዎች ለማስቀመጥ «ፖርት አልቋል፣ ተጨማሪ ስዊች ይገዛ» የሚል ጥያቄ የቀረበው። ራኩን ስታዩት በእርግጥ ሙሉ ነው፣ ቀዳዳው ሁሉ ኬብል ተሰክቶበታል። ግን ኬብል የተሰካበት ፖርት ሁሉ የሚሰራ ፖርት አይደለም። መዝገቡን ስናወጣ በሌላኛው ጫፍ ማንም የሌለበት፣ ለወራት ማክ ያልታየበት፣ ፈርሶ መጋዘን የሆነ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚያልቅ ብዙ ኬብል ተገኘ። እነሱ ተነቀሉ፣ ለአዲሶቹ ተሰጡ፣ ግዢው ቀረ። ያን ቀን የፋይናንስ ኃላፊው ሰርቨር ሩም ድረስ መጥተው ስክሪኑን ቆመው አዩት፣ «ይሄ ሁልግዜ እንዲህ ይታያል?» ብለው ጠየቁ፣ አዎ አልናቸው።

አሁን እየታገልኩ ያለሁት ከውጪ የሚመጡ ኮንትራክተሮችን በተመለከተ ነው። ካሜራ የሚገጥመው ይመጣል፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ አሻራ የሚገጥመው ይመጣል፣ ባዶ ያገኘው ፖርት ላይ ይሰካል፣ ይሰራል፣ ይሄዳል። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ውላቸው ላይ «ካሜራ ብዛት ይሄን ያህል፣ ተገጥሞ ሲሰራ» ነው የሚለው፣ ስለ ፖርት የሚል ነገር የለም። ስለዚህ ውሉ ላይ እንዲገባ ጠየቅሁ። ርክክቡ ሲፈረም አንድ ተጨማሪ ገጽ አብሮ ይመጣል፣ እያንዳንዱ መሳሪያ በየትኛው ስዊች፣ በየትኛው ፖርት፣ በየትኛው አውትሌት፣ ማክ አድሬሱ፣ ስንት ዋት እንደሚወስድ፣ ኬብሉ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ምክንያቱም 100 ሜትር ያለፈ ኬብል ዛሬ ቢሰራም ነገ የኔ ችግር ነው። ገጹን እኛ ከኢንቬንተሪው ጋር እናመሳክረዋለን፣ ከገጠመ እንፈርማለን፣ ከዛ ክፍያው ይወጣል። የግዢ ክፍል መጀመሪያ «ይሄማ ስራ ያጓትታል» ብሎ አልተቀበለውም ነበር፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው ደግፈውኝ የተናገሩት፣ ሞዴል 19 የሚቆርጡት እሳቸው ስለሆኑ ገጹ ካልተያያዘ ገቢ አላደርግም አሉ። የመጪው የካሜራ ጨረታ ሰነድ ላይ ገጹ አባሪ ሆኖ ገብቷል።